ያልተነገረው ግማሽ

ትርንጎ የምትባል የጤና ባለሙያ የኔታ ዘንድ ቀርባ ጠየቀች። «የኔታ፣ የወባው ክትባት ለብዙ ልጆች እንዲዳረስ፣ መጠኑ ቢቀነስ ይበቃ እንደሆነ በእኛ ቀበሌ ሊሞከር ነው። እናቶችን የፈቃድ ወረቀት አስፈርሚ ተብያለሁ። ያነሰ ነው ካልኳቸው ይሸሹኛል። ለደግ ነገር ዝም ብል ምን አለበት?»

የኔታም እንዲህ ብለው አወጓት።

በቆላ አገር ክትባት የሚሰጥ አንድ ሰው ነበረ። ወባ የሚበረታበት ወር ሲቃረብ ለአርባ ልጆች የሚበቃ ክትባት ደረሰው። በሩ ላይ ግን ሰባ የሚሆኑ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ቆመዋል። ሰውየው ሆደ ቡቡ ነበርና አንዷንም እናት ባዶ እጇን መመለስ አልሆነለትም። ግማሹም ሳይበቃ አይቀርም ሲባል ሰምቶ ነበር። ለማንም ሳይናገር ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ግማሽ ወጋ። እናቶቹ መረቁት፤ እሱም ደስ አለው።

ወደ መጨረሻው ሚስቱ ልጃቸውን ታቅፋ ገባች። ሰውየው መድኃኒቱን በመርፌው ሲስብ እጁ ግማሹ ላይ አልቆመም። እስከ ሙሉው ሳበ።

ልጇን አስከትባ ጥግ ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት ይህን አየች።

«ዶክተር፣ ለልጄ ሲወጉ ግማሽ ነበር የሳቡት። ያሁኑ ምነው ሞላ?»

«ለሁሉም እንዲዳረስ ብዬ ነው። ግማሹም ይበቃል» አላት።

«ታዲያ ለልጅዎ ለምን አልበቃም?»

ሰውየው መርፌውን አስቀመጠ። ሚስቱ እንኳ አንገቷን ደፍታ፣ ልጇን ሳታስወጋ ወጣች።

በጥቅምት የዚያች እናት ልጅ በወባ ክፉኛ ታመመ። ሰውየው ራሱ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰው፤ ልጁም ተረፈ። መጠኑ አንሶ ይሁን ወይስ ሙሉውን ቢወስድም ይታመም እንደነበር፣ ለእናቱ ሊነግራት የሚችል ሰው ግን አልነበረም። በዓመቱ ለሁሉም የሚበቃ ክትባት ይዞ መጣ። ወሬው ግን ተዛምቶ ኖሮ በሩ ላይ ማንም አልቆመም። ቤት ለቤት ቢዞር እናቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ጓዳ አስገቡበት። አሁንስ ሙሉ ነው ብሎ በምን አፉ ይንገራቸው?

የኔታ ወደ ትርንጎ ዞር አሉ። «ልጄ፣ መጠን መቀነስ ነውር ነው አላልኩሽም። ቢበቃ ስንት ልጅ ይድንበታል! ይሞከር። ያ ሰው ግን ይብቃ አይብቃ ሳያውቅ የሚያውቅ መሰለ። እናቶቹ ሊወስኑ የሚገባውን እሱ ወሰነላቸው። አንቺም ዝም ካልሽ ያንኑ ሰው ሆንሽ። ያነሰ ነው በያቸው። መብቃቱ ገና አልታወቀም፣ የምንሞክረውም ለዚህ ነው በያቸው። የሸሸችሽንም አትቀየሚያት።»

ትርንጎ ቀና ማለት አቃታት። «የኔታ፣ ሦስት ቤት ሳልነግር አስፈርሜያለሁ» አለች።

«እንግዲያስ ሳይመሽ ከሦስቱ ቤት ጀምሪ» አሏት።