ሽማግሌዎቹን የቀደመው ጎማ

በእኛ አገር፣ ከደሴ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ዳርና ዳር፣ ሰው ሲጣደፍ ባዩ ቁጥር የሚተርቷት አንዲት አባባል አለች። ወጡ ሳይበስል ማዕድ አቅርቡ ለሚል ይተርቷታል፤ ዳኛው ጠይቆ ሳይጨርስ ለሚመልስ ይተርቷታል። እንግዳ ሰው ሲሰማት ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስለዋል። አይደለችም። ስትፀነስ እዚያው ነበርኩ፤ ክራባቴ ወደ ጀርባዬ ዞሮ፣ ከቅንድቤ እስከ ጫማዬ አቧራ ለብሼ፣ ሰው ግቢ መሀል ቆሜ። ሌላ ሰው ሲያወራው እኔን ከነመኪናዬ ወንዝ ይከተኛል። ወንዝ አልገባሁም። የሆነው እንዲህ ነው።

አራጋው እባላለሁ፤ ደሴ ላይ ፎቶ ቤት አለኝ። ሥራዬ ሰውን ከሆነው በላይ አሳምሮ ማሳየት ነው። ብጉሩን አጠፋለሁ፣ የተጨማደደ ኮሌታውን አቃናለሁ። ይህ ሙያ አንድ ክፉ አመል አስለምዶኛል፤ መልኩ ያማረ ነገር ሁሉ ውስጡም ያማረ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ችኩል ነኝ። እናቴ «አራጋው አዋላጇ ሳትደርስ የመጣ ልጅ ነው» ትል ነበር።

የሻረግን ያወቅኋትም በዚሁ በችኮላዬ ነው። ሐይቅ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ፣ ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳትቀመጥ አነሳኋት። በሌላ ቀን ፎቶውን ይዛ ተመለሰች።

«ይቺን ሴትዮ ታውቃት እንደሆነ ልጠይቅህ ብዬ ነው» አለችኝ። ፎቶው ላይ ዓይኗ ተጨፍኗል፣ አፏ ተከፍቷል።

«ትንሽ ስለተንቀሳቀሱ ነው እንጂ...»

«አልተንቀሳቀስኩም። ገና እየተቀመጥኩ ነበር። ስንት ልጅ አዋልጃለሁ፤ እንዳንተ የሚጣደፍ ግን አላየሁም።»

ደግሜ አነሳኋት። ከዚያ ወዲያ ደሴ በመጣች ቁጥር ጎራ ትል ጀመር፤ እኔም ሐይቅ የምሄድበት ምክንያት አላጣ አልኩ። እያደር ተግባባን። የቀረው አባቷ ነበሩ። አያ አሊጋዝ ከውጫሌ ወደ ታች፣ በጠጠር መንገድ ተወርዶ በሚገኝ መንደር የሚኖሩ፣ ብርቱካን አብቃይና ንብ አናቢ ናቸው።

«አባቴ ሁለት ነገር አይወድም፤ ውሸትና ጥድፊያ» አለችኝ የሻረግ። «ሽማግሌ ላክ። አንተ ግን አትምጣ።»

አትምጣ ማለቷ ወጉ ነው። ልጅቷን የሚፈልገው ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አብሮ አይሄድም፤ ቤቱ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። እኔም እንደዚያው ባደረግሁ ኖሮ ደግ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሰሞን መኪና ገዝቼ ነበር።

ቀይ ናት፤ አራት ሰው በግድ የምትይዝ ትንሽዬ የቤት መኪና። የሸጠልኝ ሰው ለዓመታት ከቦታዋ ሳትነቃነቅ እንደቆመች አልደበቀኝም። እኔ ግን ያየሁት ጎማዎቹን ነው። ጥቁር፣ ጥርሳቸው ያልተነካ፣ እንደ አዲስ ጫማ የሚያብረቀርቁ። ጎማም እንደ ዳቦ ተቀምጦ እንደሚደርቅ አላሰብኩም። መንዳት ከመጀመሬ አንዱ ጎኑ ተሰንጥቆ ተነፈሰ። ሌላው ዳገት ላይ አብጦ የእንቁራሪት ጉሮሮ መሰለ። ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ቸርኬ የምንለው፣ ጉድጓድ ገብቶ ሲጣመም አስቀጥቅጬ መለስኩት። ያየኝ ሁሉ «ጎማዎቹን በሙሉ ቀይራቸው» ይለኛል። እኔ ምን አደርጋለሁ? አጥቤ ጥቁር ቀለም እቀባቸዋለሁ። ሲያብረቀርቁ ልቤ ይረጋል። አንድ ቀን እንዲያውም መኪናዋን ፎቶ ቤቴ በር ላይ አቁሜ አነሳኋት፤ እሷ ዓይኗን አልጨፈነችም።

እንዲህ ያለች መኪና እያለችኝ ሽማግሌዎቼ በአውቶቡስ አይሄዱም አልኩ። ሽማግሌዎቼ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ሼህ ሙህዬ፣ ከፎቶ ቤቴ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ቀልድ ከአፋቸው የማይጠፋ። ሁለተኛው መሪጌታ ይኸይስ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ ቁም ነገረኛና ግዙፍ ሰው። ሾፌር እንድቀጥር መከሩኝ። መኪናዬን ለሰው አላምንም ብዬ እምቢ አልኩ። ራሴ ነድቼ፣ ከአያ አሊጋዝ ቤት ራቅ ብሎ ካለ ዋርካ ሥር እደበቃለሁ፤ እናንተ በእግራችሁ ትገባላችሁ አልኳቸው።

«ዋርካ ሥር የሚደበቅ ሙሽራ አይተን አናውቅም» አሉ ሼህ ሙህዬ። «አብሽር፣ እናያለን።»

እውነቱን ለመናገር ዋርካውም ሰበብ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የአያ አሊጋዝ ቤተሰብ ሊሸኛቸው ይወጣል፤ ያኔ መኪናዋን ያዩዋታል ብዬ ነው።

ቀጠሮው ለረፋድ ነበር። ሐይቅን አልፈን ጥቂት እንደሄድን የኋላው ቀኝ ጎማ እንደ ጥይት ጮኾ ፈነዳ። መሪጌታ በበላዩ ተቀምጠው ነበርና አማተቡ። ሙሉ ልብሴን እንደለበስኩ ወርጄ መኪናዋን በክሪክ አነሳኋት፤ የፈነዳውን አውጥቼ ትርፉን ጎማ ገጠምኩ። ሼህ ሙህዬ ላግዝህ ቢሉኝ እጅዎ ይቆሽሻል ብዬ ከለከልኳቸው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኖቹን አዞርኳቸው። መኪናዋ መሬት ከነካች በኋላ ደግሞ ማጥበቅ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ግን ሰዓቴን አየሁና መፍቻውን ወደ ውስጥ ወረወርኩት።

«ጠብቋል?» አሉ መሪጌታ።

«ጠብቋል።»

ከውጫሌ ወርደን ጠጠሩን ስንይዝ ከኋላ ቅጭልጭል የሚል ድምፅ መጣ።

«ይህ የሚንቃጨለው ምንድን ነው?» አሉ ሼህ ሙህዬ።

«ጠጠሩ ነው» ብዬ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። ሬዲዮኑ ሲጮህ ድምፁ ጠፋ፤ እኔም ችግሩ የጠፋ መሰለኝ።

ቁልቁለቱ ላይ፣ የአያ አሊጋዝ ቤት ከታች ቁልጭ ብሎ ሲታይ፣ ዋርካው ጋ ሳንደርስ፣ በስተቀኛችን አንድ ጎማ አለፈን። ቀስ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ መንገዱን የሚያውቅ ይመስል።

«ያ ጎማ የማን ነው?» አሉ መሪጌታ።

መልሱን መኪናዋ ሰጠችን። ከኋላ ተደፍታ መሬቱን እየፋቀች፣ ትንሽ ተንሸራታ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ጎማው ግን ፍጥነት እየጨመረ ወደ ግቢው ይወርድ ነበር። ከታች ሰው አለ፣ ሕፃናት ሊኖሩ ይችላሉ፤ በሩን ከፍቼ ሮጥኩ። «ተጠንቀቁ» እያልኩ፣ ክራባቴ በትከሻዬ ላይ እየተውለበለበ፣ እየወደቅሁ እየተነሳሁ ሮጥኩ። ጎማው አልጠበቀኝም።

የግቢው በር ለሽማግሌዎቹ ክብር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጎማው በዚያ ገባ። ለሼህ ሙህዬ ተብሎ የተዘጋጀውን ብርዝ ከነማሰሮው ገለበጠና እንግዳ ሊቀመጥበት ከተነጠፈው አጎዛ ላይ ዞር ዞር ብሎ ተጋደመ። እኔ ስደርስ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ነጭ ጋቢ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጎማው ያንተ ነው?» አሉኝ አያ አሊጋዝ።

«አዎ አባቴ።»

«አንተስ የማን ነህ?»

የልጅቷ ፈላጊ ነኝ ብል ወግ አፈረስኩ።

«የሽማግሌዎቹ ሾፌር ነኝ» አልኩ።

የሻረግ ከቤቱ ደጃፍ ቆማ ነበር። ስታየኝ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። እየሳቀች ይሁን እያዘነች መለየት አልቻልኩም። ማንም ተቀመጥ አላለኝም። ጎማውን አቅፌ ቆምኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። ወጉ እንደሚለው ሳይቀመጡ ጉዳያቸውን ጀመሩ። መሪጌታ ንግግራቸውን መንገድ ላይ ሲለማመዱት ስለነበር ጎማ ወደቀ ብለው የሚያቋርጡት አልነበረም።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ልጃችን ባለሙያ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ረጋ ያለ፣ ሳይቸኩል የያዘውን አጥብቆ የሚይዝ ነው።»

የያዝኩት ጎማውን ነበር። አያ አሊጋዝ እኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ይህ እርጋታው የተመሰከረለት ልጅ የት ነው ያለው?» አሉ።

መሪጌታ ጫማቸውን አዩ። ሼህ ሙህዬ ሰማዩን ይመረምሩ ጀመር።

«ደሴ ነው» አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

«አባቴ፣ ይኸው ነው» አለች የሻረግ ከደጃፉ። «ሾፌር የላቸውም። ፈላጊዬ እሱ ነው። ውሸት ተነግሮህ ከምትሰጠኝ፣ እውነት ተነግሮህ ብትከለክለኝ ይሻለኛል።»

በሕይወቴ ብዙ ጊዜ አፍሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን መሬት ተከፍታ ከነጎማዬ እንድትውጠኝ ተመኝቼ አላውቅም። የፈራሁት ስድቡን አልነበረም። እሷን ማጣቴን ነው። ጎማውን አስቀምጬ ፊታቸው ቆምኩ።

«እውነቷን ነው፤ ሾፌር አይደለሁም» አልኳቸው። «ወግ ጥሼ የመጣሁት መኪናዬን እንዲያዩልኝ ብዬ ነው። ብሎኑንም ያላጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

«ማጥበቅ አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ቸኩዬ ነው።»

አያ አሊጋዝ ሽቅብ፣ ቁልቁለቱ ላይ ተደፍታ ወደቀረችው ቀይ መኪና ተመለከቱ። ከዚያ ዱላቸውን አነሱ።

«የልጄ ነገር ዛሬ መልስ አያገኝም» አሉ። «ዛሬ ብሎን ይፈለግ።»

ዘመድ ሁሉ ወጣ። ለሽምግልና የለበሱትን ነጭ ልብስ ሰብስበው፣ አጎንብሰው፣ በጠጠሩና በቁጥቋጦው ውስጥ የመኪና ብሎን ለቀሙ። የሻረግና እኔ በአንድ በኩል ሆንን።

«አሁንም እየተጣደፍክ ነው» አለችኝ። «እኔ ያየሁትን ረግጠህ አለፍክ።» ጎንበስ ብላ ከጫማዬ ሥር አንዱን አነሳችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ይሰጡኛል ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«አላውቅም። አባቴ ሲቆጣ ዝም ይላል፤ ሲያስብም ዝም ይላል።»

የተገኘው ሲሰበሰብ ለመንዳት በቃ። ጎማውን ስገጥም አያ አሊጋዝ በላዬ ቆሙ። አንዱን አጠበቅሁ። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። መኪናዋ መሬት ስትነካ ልነሳ ስል ትከሻዬን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉኝ። «ድገመው።» ሁሉንም ደገምኩ። ብርዝ እንደገና ተቀዳ፤ ሽማግሌዎቹ ጠጡ፤ እኔም ደረሰኝ። ስንሸኝ አያ አሊጋዝ ለሽማግሌዎቹ «ከዘመድ እንመካከራለን። ከመስቀል በኋላ ተመለሱ፤ በአውቶቡስ» አሏቸው። እኔን አላዩኝም።

ያ ክረምት ረጅም ነበር። ጎማዎቹን በሙሉ ቀየርኩ። የሻረግ ደሴ ስትመጣ ስለ አባቷ አልጠይቃትም፤ እሷም አትነግረኝም።

ከመስቀል በኋላ ሽማግሌዎቹ በአውቶቡስ ሄዱ፤ እኔ ቤቴ ቀረሁ። አመሻሹ ላይ ግን አላስችል ብሎኝ መናኸሪያ ሄድኩ። መሪጌታ ከአውቶቡሱ ሲወርዱ ፊታቸው እንደወትሮው ኮስተር ያለ ነው፤ ምንም አይነበብበትም።

«ሰጥተውናል» አሉኝ በመጨረሻ። የሰው ሻንጣ ላይ ተቀመጥኩ። «ሠርጉ ለጥር ነው።»

ሼህ ሙህዬ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«አያ አሊጋዝን አንድ ጎረቤታቸው ‹ያ ሰው እኮ ዋሽቶሃል፣ ችኩልም ነው፤ እንዴት ትሰጠዋለህ?› አላቸው» አሉኝ።

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

ሼህ ሙህዬ እንደማይቸኩል ሰው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ከዚያ የአያ አሊጋዝን ድምፅ አስመስለው እንዲህ አሉኝ፦ «‹ውሸቱን እዚያው ቆሞ አርሞታል፤ ችኮላውን ደግሞ ልጄ ታርመዋለች፤ እናንተ ግን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ የችኩል ሰው ጎማው ይቀድመዋል።›»