ያተረፋት እጅ

በአንድ ወቅት፣ በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ባሕርን ከቤታቸው ያስገቡ አንድ ሰው ነበሩ። አቶ ምትኩ ይባላሉ። ጉልምስናቸውን በምጽዋ በባሕር ኃይል ጠላቂነት አሳለፉ። ኋላ ጦሩም ተበተነ፣ ባሕሩም የሌላ አገር ሆነ። እሳቸው ግን ባሕሩን መተው አልሆነላቸውም። ሳሎናቸው ውስጥ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አሠርተው ጨዋማ ውሃ ሞሉበት፤ ፓምፕ ገጠሙለት፤ መብራት ሰቀሉለት። ወዳጆቻቸውም ከጂቡቲ ኮራል አመጡላቸው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይምሰል እንጂ ነፍስ ያለው ፍጡር ነው፤ ይበላል፣ ያድጋል፣ ከጎረቤቱም ይጣላል።

ከሁሉም አብልጠው የሚወዱት «ነዳፊዋ» የሚሏትን አንዷን ኮራል ነበር። ቀን ቀን እንደ አረንጓዴ ፀጉር እየተወዛወዘች ዓይን ታስቀራለች። ብርሃኑ ሲደክም ግን ቀጫጭን ክሮቿን ትዘረጋና የደረሰችበትን ታቃጥላለች። አጠገቧ የነበሩት ኮራሎች አንድ በአንድ ነጥተው አለቁ።

ልጃቸው ንጋቱ፣ «አባዬ፣ አውጥተህ ጣላት» ቢላቸው፣

«ምን አደረገች? ቦታዋን ነው የጠበቀችው» አሉት።

ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ወይንሸት የመጀመሪያዋ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዘችው፣ ትዳር ሳትይዝ ፀጉሯ የሸበተው እሷ ናት። ንጋቱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልብስ ከእሱ እጅ ሲወጣ አካል ላይ የበቀለ ይመስላል ይሉታል። የመጨረሻዋ ፋናዬ አንድ የሐረር ልጅ ወድዳ፣ ሽማግሌ የሚመጣበትን እሁድ ትጠብቃለች።

አቶ ምትኩ ታመሙ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ዓይናቸውም ደከመ። ልጆቻቸውን ሰብስበው፣ «ነዳፊዋ ከእኔ በፊት እንዳትሞት» አሉ። «አባቴ ከልጆቹ መርጦ አንዱን መረቀ። እኔም የምመርቀው አንዱን ነው። ሦስት ላይ የተረጨ ምርቃት ጤዛ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ የለም። እሷን ያተረፈ ይወስደዋል።»

ወይንሸት በልቧ፣ ይህ እኮ የእኔ ነው አለች። ማን ሌላ አለ እዚህ ቤት?

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ነፋስ የመብራት ምሰሶ ጣለና የሰፈሩ መብራት ሁሉ ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። ፓምፕ ሲቆም ውሃው አየር ያጣል፤ ውስጡ ያለውም ይታፈናል። ወይንሸት ጆግ አንሥታ ከገንዳው እየቀዳች ከፍ አድርጋ መልሳ ታንቆረቁር ጀመር፣ ውሃው ሲወድቅ አየር ይዞ እንዲገባ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ክንዷ ደነዘዘ። ከሰዓት በኋላ ከአባቷ ክፍል አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማች። ጆጉን እንደያዘች ቆመች። ነዳፊዋ ክሮቿን ሰብስባ ጭብጥ አክላለች። ይህን ልጨርስና እሄዳለሁ አለች። ጨረሰች፤ ደግሞ ቀዳች። ስትገባ አባቷ ወለል ላይ ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ አገኘቻቸው።

«እሷስ?» አሏት።

«ደህና ናት።»

«በይ ወደ ውሃሽ ተመለሺ።»

አልጋ ላይ አወጣቻቸውና ተመለሰች። ማታ መብራት መጣ። ወጌሻው በማግስቱ ገብቶ አያቸውና፣ «በዚህ ዕድሜ አጥንት አይገጥምም» ብሎ ወጣ።

ሁለተኛው መከራ ከገንዳው ከራሱ መጣ። ያረጀው ማጣበቂያ አንድ ጥግ ላይ ለቀቀ። ንጋቱ አባቱን ሊጠይቅ ሲገባ ውሃው በሳሎኑ ወለል ላይ ይሄዳል፤ መስታወቱ ይንቋቋል፤ ነዳፊዋ የተቀመጠችበት ድንጋይ ዘምሟል። አቶ ምትኩ እሷን ሲነኩ የሚያጠልቁት የጎማ ጓንት ጓዳ ነበር።

«ጓንቱን ላምጣ፣ ቆይ!» አለች ወይንሸት።

አልቆየም። ቀኝ እጁን ከተተ። ክሮቿ አንጓው ላይ ተጠመጠሙ፤ ስለታማው ድንጋይም ጣቶቹን ሸረከተው። ጥርሱን ነክሶ ሳፋ ውስጥ ሲያስቀምጣት መስታወቱ ከኋላው ተደረመሰ። ሲመሽ እጁ አበጠ፤ ቁስሉ መረቀዘ። ሐኪሞቹ የቀረውን እጅ ለማዳን አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ቆረጡ። መቀስ የሚይዙት፣ መርፌ የሚይዙት እነዚያ ነበሩ። ንጋቱ ሱቁን ዘጋ።

ነዳፊዋ ከሳፋ ውስጥ ቀረች። ትንሽ ውሃ ቶሎ ይሞታል፤ መሽተት ጀመረ፤ እሷም ከጫፏ ትነጣ ጀመር። የባሕር ውሃ ያስፈልጋል፤ ባሕሩ ደግሞ ጂቡቲ ነው። የሽማግሌዎቹ እሁድም ደርሷል።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ፋናዬ።

«እሁድን አሳልፊ፣ እህቴ» አለቻት ወይንሸት።

«እትዬ፣ ውሃው እሁድን አይጠብቅም።»

ወደ ጂቡቲ በሚወርድ የጭነት መኪና ላይ ወጣች። እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ወይንሸት ቁጭ አደረገቻቸው፤ አስተናገደቻቸው፤ ምን እንደምትላቸው ግን ጠፋት። ልጅቷ ከሹፌር ጋር ጂቡቲ ወረደች የሚለው ወሬ ቀድሟት መንደሩን አዳርሷል። አንዱ ሽማግሌ ዘንጉን ይዞ ተነሣና፣ «ከሌለችበት ቤት አንለምንም» አለ። ተከታትለው ወጡ። ፋናዬ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛ ስትመለስ የሐረሩ ልጅ ለሌላ ሴት ሽማግሌ ለመላክ ተዘጋጅቶ ነበር።

ውሃውን ቀየሩላት። የነዳፊዋ አብዛኛው አካል እንደ አጥንት ነጥቷል፤ በአንድ ጎኗ ግን ጥቂት አረንጓዴ ክሮች ብቅ አሉ።

አቶ ምትኩ የሞቱት በዚያ ሰሞን ነው። የነፍስ አባታቸው አባ ላእከማርያም ራስጌያቸው ቆመዋል። ሦስቱም ልጆች አሉ።

«ተረፈች?» አሉ አቶ ምትኩ።

«ተርፋለች፣ አባዬ» አለች ወይንሸት።

«ያተረፋት እጅ ይባረክ። የነካው ይለምልም፤ የያዘው ይጽና።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የማን እጅ ነው?»

ወይንሸት አፏን ከፈተች። የንጋቱን የተጠቀለለ እጅ አየች፤ የፋናዬን ዓይን አየች። ያ የወደቀ ነገር ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ መጣባት። አልተናገረችም። ንጋቱም እህቶቹን ጠበቀ፤ ፋናዬም ታላላቆቿን ጠበቀች። ሰውየው መልስ እንደጠበቁ አለፉ።

ነዳፊዋ ከቀብሩ በኋላ ብዙ አልቆየችም። የመጨረሻው ክር ሲነጣ ያየችው ወይንሸት ናት። ለማንም ሳትናገር ሳፋውን ደፋች።

ከተዝካሩ በኋላ ሦስቱ፣ ምርቃቱ የማን እንደሆነ እንዲፈርዱላቸው አባ ላእከማርያም ፊት ቀረቡ።

ወይንሸት፣ «በመጀመሪያው ቀን ታፍና ብትሞት ኖሮ የሚያወጣትም፣ ውሃ የሚያመጣላትም አይኖርም ነበር» አለች።

ንጋቱ እጁን ጉልበቱ ላይ አኖረ። «አባዬ ያለው ‹እጅ› ነው። የማን እጅ እንደተበላ ታያላችሁ።»

ፋናዬ፣ «ሁለቱም ያቆዩዋት ለሞት ነበር። አባዬ ሲሞት ተርፋለች የተባለው ባመጣሁት ውሃ ነው» አለች። ከዚያ ወደ እህቷ ዞረች። «እትዬ፣ አባዬ ሲወድቅ የት ነበርሽ?»

«ውሃ እየቀዳሁ።»

«አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ።»

ንጋቱ ተነሥቶ ወጣ። ፋናዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። አባ ላእከማርያም፣ «ምርቃቱን ያወጣው አፍ ተዘግቷል፤ እኔ አልከፍተውም» አሉ።

ሦስቱ ከዚያ ወዲህ በአንድ ማዕድ አልቀረቡም። አንዷ ባዶ ሳሎን ውስጥ፣ አንዱ በተዘጋ ሱቅ፣ አንዷም ወሬ ባላለቀበት ሰፈር ይኖራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ከዚያ ምርቃት በቀር የቀራቸው የለም።

እናንተ የሰማችሁ፣ ፍረዱ እንግዲህ፤ ምርቃቱ የሚገባው ለየትኛው እጅ ነው?