እስክትበርድ የጠበቀው ገዢ

«አሮጌ ሞተር ሳይክል ሊገዛ የተነሳ አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ አስመላሽ። ዕድሜያቸውን በጋራዥ የፈጁ ሰው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ የትናየት «ሽማግሌ የላከብኝን ሰው በምን ልወቀው? ቤት በመጣ ቁጥር እንከን አይወጣለትም» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ መልስ የሚፈልጉት ለእሁድ ነው።

ሞተር ሳይክል ፈላጊው ሰው ገጠር ያስተምራል፤ ሚስቱና የስምንት ወር ልጁ ያሉት ከተማ ነው። የሚያያቸው በሳምንት አንዴ ነው። አንድ ቅዳሜ ሊያቅፋት ሲል ልጅቷ እንደ ባዳ አይታው አለቀሰች። አንጀቱ ቆሰለ። ያን ዕለት ቆረጠ፤ ሞተር ሳይክል ገዝቼ ማታ ማታ ቤቴ እገባለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ አለ። ታዲያ በእጁ ያለው ገንዘብ ለአንዲት ብቻ የሚበቃ ነው፤ ከተሳሳተ ሌላ አይገዛም።

አንድ ሻጭ አገኘ። የምትሸጠው ጎንበስ ተብሎ የምትነዳ፣ ትንሽ ቀይ የስፖርት ሞተር ሳይክል ናት። «ከመምጣትህ በፊት ደውልልኝ፣ አዘጋጅቼ እጠብቅሃለሁ» አለው። ደውሎ ሄደ።

ታጥባ ተወልውላ ትብለጨለጫለች። ሰውየው ግን የዋዛ አልነበረም። መጀመሪያ የመሪዋን ጫፍና የእግር መርገጫዋን ዳሰሰ፤ ወድቃ ከሆነ ፍቀቱ እዚያ ነው የሚገኘው። ንዝረት የሚያበርደው የፊት ሾኳ ዘይት እንደማያፈስ አየ። ሻሲዋ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያየ። ሁሉም ደህና ሆነለትና ልቡ ቤቱ ደረሰ። ሻጩ ቁልፉን ሊያዞር ሲል ግን እጁን ሞተሩ ላይ አሳረፈ። ሞተሩ ሞቋል።

«ዛሬ ነድተሃታል እንዴ?»

«ኧረ ከትናንት ጀምሮ እንደቆመች ናት።»

«እንግዲያው አታስነሳት። እስክትበርድ እጠብቃለሁ» አለና ጥላው ስር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ሻይ ጋበዘው። ቆይቶ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው አለው። በመጨረሻም «ወንድሜ፣ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ ዘብ ልትቆም?» ብሎ ተቆጣ። ሰውየው ሌላ ሰው ቢወስድብኝስ ብሎ ፈርቷል። ቢሆንም ከድንጋዩ አልተነሳም። ከረፋድ እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጠና ሞተሩን ደግሞ ነካው። በርዷል።

«በል አሁን አስነሳት።»

አንዴ እንደ ማሳል ብላ ጠፋች። ደግማ ጠፋች። በአምስተኛው ስትነሳ ማርሚታዋ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፤ ሆዷ ውስጥ አንዳች ነገር ይንኳኳል። ዘይት የምትበላ፣ ያለቀላት ሞተር ናት።

ሻጩ አንገቱን ደፋ። «ጠዋት ጠዋት ነው እንዲህ የምትሆነው፤ ከሞቀች ደህና ናት» አለ።

«እኔ የምፈልጋት ጠዋት ነው» አለ ሰውየው። ባዶ እጁን ሄደ፤ ሌላ እስኪያገኝም ፍለጋውን አልተወም።

ጋሽ አስመላሽ ወደ የትናየት ዞሩ። «ያንቺ ሰው ቤት ሲመጣ ደውሎ አይደል?»

«ሁልጊዜ ደውሎ ነው ጋሼ።»

«እናንተም ቤቱን ታሰናዳላችሁ፣ እሱም ራሱን አሰናድቶ ይመጣል። እስካሁን ያየሽው የሞቀውን ነው። ክፉ ነው አላልኩሽም፤ እኔም አላውቀውም። ለሽማግሌዎቹ ጊዜ ስጡን በያቸው። ቢቆጡ ይቆጡ፤ ከድንጋዩ እንዳትነሺ። ሳይጠብቅሽ ሥራ ቦታው ሂጂ፤ ደክሞት፣ ነገር ተበላሽቶበት፣ ከበታቹ ያለውን ሰው ሲያናግር ስሚው። የምታገቢው እኮ ጠዋት ጠዋት የሚነሳውን ሰው ነው።»