የድርጅቱን ዘር የቆጠሩት ሽማግሌ

ቤተሰብ በማጣራት አገር ያወቃቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሽ ደምለው ይባላሉ። ልጁን ለመዳር ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ዘንድ ነው። የማን ቤት ከማን ቤት እንደሚዛመድ፣ የትኛው ቤት ቁጡ፣ የትኛው ቤት ቃሉን አጣፊ እንደሆነ እስከ ሰባት ትውልድ ቆጥረው ይናገራሉ። አጠያየቃቸውም የራሱ ደንብ አለው። የሚጣራውን ቤት በቀጥታ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ጎረቤቱን ነው የሚጠይቁት፤ ያውም በምስጋና ጀምረው። «ደግ ቤት ነው ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ይላሉ። ቤቱ እንከን ካለበት ጎረቤትዬው ምስጋናውን መሸከም ያቅተውና የሚያውቀውን ይዘረግፈዋል። በዚህ ዘዴ ስንቱን ትዳር አስመሥርተዋል፣ ስንቱንም ከመጀመሩ በፊት አስቀርተዋል።

በአንድ ዓመት የመንደሩ ቀፎ ሁሉ ሞላ። ወዲያው ከወረዳው ከተማ መልእክት መጣ። ማር የሚያሽግ አንድ የግል ድርጅት «ማራችሁን በሙሉ አምጡልኝ፣ በጠርሙስ አሽጌ፣ የመንደራችሁን ስም ለጥፌ ሩቅ አገር እሸጥላችኋለሁ» አለ። መንደሩ በነጭ ማሩ የታወቀ ነው። ሌላ መታወቂያ የለውም። ድርጅቱ ሐቀኛ ከሆነ ስማቸው ባሕር ሊሻገር ነው፤ ስኳር የሚቀላቅል ከሆነ ግን አባቶቻቸው ያቆዩት ስም በአንድ ክረምት ተበላሽቶ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ተሰብስበው ጋሽ ደምለውን «እስከ ቅዳሜ ያጣሩልን፤ እርስዎ ያሉትን እናደርጋለን» አሏቸው።

ጋሽ ደምለውም ሰኞ ማለዳ ጋቢያቸውን ለብሰው ከተማ ወረዱ፤ እንደ ልማዳቸው ከባለቤቱ ዘር ጀመሩ። አባቱ ማን ነው? አያቱስ? እስከ ሰባት ቤት ቢቆጥሩ አንድም እንከን አጡ። በተለይ አያትየው የተጣላ አስታራቂ፣ የተራበ አጉራሽ ነበሩ። ምን ያደርጋል፣ እኚህ ደግ አያት ከሞቱ ሠላሳ ዓመታቸው ነው፤ ማሩን የሚያሽጉት እሳቸው አይደሉም። ይህ ግን ለጋሽ ደምለው ያን ጊዜ አልታያቸውም።

ቀጥለው ወደ ጎረቤት ሄዱ። ከድርጅቱ አጥር ማዶ ፀጉር ቤት አለ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና እየተላጩ፣ የድርጅቱን ባለቤት ከነአያቶቹ አንድ በአንድ ቆጥረው ካመሰገኑ በኋላ «ድርጅቱም ደህና ነው ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?» አሉ።

«አዎ ጋሼ፣ ደህና ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

በነጋታው ሻይ ቤት ገቡ። ባለቤቷ ድርጅቱ ሲነሳ ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ «እሱማ ሰዉ ሁሉ ያመሰግነዋል» አለቻቸው። ረቡዕ ዕለት ደግሞ ገበያ መሐል አንድ ደላላ አገኙ። ደላላው የምስጋናውን ጥያቄ እንኳ አላስጨረሳቸውም።

«አባባ፣ አይልፉ! ይሄ ነገር ተጣርቶ ያለቀ ነው። አንድ ማር አዋቂ ሽማግሌ አሉ። ድርጅቱን ውስጥ ድረስ ገብተው አገላብጠው አይተውታል። ባለቤቱን ሰባት ቤት ቆጥረው እንከን አጥተውለታል።»

ጋሽ ደምለው ልባቸው ቀለል አለ። ትንሽ ቅናትም ቢጤ ተሰማቸው፤ በዚህ አካባቢ ከእሳቸው ሌላ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያጣራ ሰው መኖሩን አያውቁም ነበር። «ማን ይባላሉ? ላነጋግራቸው እፈልጋለሁ» አሉ።

«ስማቸውን አላውቅም። የነገረችኝ ባለ ሻይ ቤቷ ናት።»

ሐሙስን ሙሉ ያንን ሽማግሌ ሲፈልጉ ዋሉ። ያገኙትን ሁሉ ጠየቁ። ሰዉ ሁሉ ስለ ሽማግሌው ሰምቷል፣ አየሁ የሚል ግን አንድ ሰው ጠፋ። አንዱ ጠይም ናቸው ይላል፣ ሌላው ቀይ ናቸው ይላል። ጋሽ ደምለው ግራ ገባቸው። በዕድሜያቸው እንዲህ የሚያመሰግነው በዝቶ የሚያውቀው የጠፋ ቤት አጋጥሟቸው አያውቅም። ዓርብ ጠዋት ወደ ሻይ ቤቷ ቢመለሱ ባለቤቷ «እኔ ከፀጉር አስተካካዩ ነው የሰማሁት» አለቻቸው። እየተጣደፉ ፀጉር ቤቱ ደረሱ።

«ልጄ፣ ድርጅቱን አጣሩት የተባሉት ሽማግሌ የት ነው የሚገኙት?»

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ቆመ። «ጋሼ፣ ይቀልዳሉ እንዴ? እርስዎ ነዎት እንጂ! ሰኞ እዚህች ወንበር ላይ ሆነው፣ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ ደህና ነው አላሉኝም?»

«ኧረ እኔ ጠየቅሁህ እንጂ አልነገርኩህም!»

«ታዲያ እርስዎን የመሰለ ትልቅ ሰው ደህና ነው ሲባል ሰማሁ ካለ፣ እኔ ማን ነኝና አይደለም የምለው?»

«ኧረ ለመሆኑ አንተ ስለ ድርጅቱ የምታውቀው ምንድን ነው?»

ሰውዬው አሰብ አደረገ። «አጥሩን አውቀዋለሁ» አለ። «ሰማያዊ ነው።»

ጋሽ ደምለው ውጭ ወጥተው ያንን ሰማያዊ ቆርቆሮ አጥር ለብዙ ጊዜ አዩት። የሰው ቤት ጎረቤት ጠቡንም ሳቁንም ይሰማል፤ እሳት ሊጫር ይገባል፣ ሲታመሙ ይጠይቃል። የዚህ ቤት ጎረቤት ግን ከቆርቆሮ በቀር የሚያየው የለም። ዘዴያቸው እዚህ እንደማይሠራ ያን ጊዜ ገባቸው፤ አፈሩም።

ቅዳሜ ማለዳ መንደራቸው ሲደርሱ አህዮቹ ተጭነው ቆመዋል። በቀፎ ብዛት ከመንደሩ አንደኛ የሆኑት ወይዘሮ ትዋብ እየሳቁ ተቀበሏቸው።

«እንኳን ደህና መጡ! ከገበያ የተመለሱት ነግረውናል፤ እርስዎ እጅግ አመስግነውታል አሉ። ምን እንጠብቃለን ብለን ጫንን።»

ጋሽ ደምለው ነገሩን አመዛዘኑ። ዝም ቢሉ ማሩ ይሄዳል፣ የመንደሩም ስም አብሮ ይሄዳል። ቢናገሩ አርባ ዓመት የታመነው ስማቸው በአንድ ማለዳ ሊረክስ ነው። ከአህዮቹ ፊት ቆሙ።

«አውርዱ» አሉ። «ያመሰገነው ሰው እኔ ነኝ፤ እኔም ምንም አላየሁም። ጥያቄዬ ነው ከተማውን ዞሮ መልስ ሆኖ የመጣው።»

አንዳንዱ ሳቀባቸው፣ አንዳንዱም አጉረመረመ። በመጨረሻ ወይዘሮ ትዋብ «ታዲያ ምን ይሻለናል?» አሉ።

«ነውር እንሥራ» አሉ ጋሽ ደምለው። «ራሱን ባለቤቱን እንጠይቀው።»

ሰኞ በጠራራ ፀሐይ ሁለቱ አብረው ሄደው ሰማያዊውን በር አንኳኩ። የንግድ ፈቃዱን አሳዩን አሉ፤ ቁጥሩን ይዘው ንግድ ቢሮ ሄዱና ከመዝገቡ ጋር አስተያዩት። አምና ማር ያስገቡትን መንደሮች ጠየቁ፤ የሁለት መንደር ስም ተሰጣቸው። ሁለቱም ዘንድ በእግራቸው ሄዱ። አንደኛው መንደር «ማራችን በስማችን፣ ምንም ሳይቀላቀልበት ታሽጓል» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «የእኛን በሌላ መንደር ስም አሸገብን» አለ።

«ይኸው፣ ደግሞ ግራ ገባን!» አሉ ወይዘሮ ትዋብ።

«አዎ፣ ግራ ገባን» አሉ ጋሽ ደምለው። «የአሁኖቹ ግን የነገሩን በዓይናቸው ያዩትን ነው።»

ማር ቢቆይ አይበላሽም። ስለዚህ የአንድ አህያ ጭነት ብቻ ላኩ፤ ወይዘሮ ትዋብም ጠርሙሱ እስኪታሸግና ስሙ እስኪለጠፍ ድረስ ከአጠገቡ ሳይነቃነቁ ቆመው ሊያዩ አብረው ሄዱ። የቀረው ማር እሳቸው እስኪመለሱ በየቤቱ ተቀመጠ።

የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ነው፦ በሩን ዘግቶ ስለሚሠራ ድርጅት ስንሰማ የሚያወሩትን ሰዎች ቁጥር ሳይሆን ያዩትን ሰዎች ቁጥር እንጠይቅ። መቶ ሰው የሚናገረው ከአንድ አፍ የወጣ ሊሆን ይችላል። የባለቤቱ መልካም ዘር የሥራው ምስክር አይሆንም፤ ምስክሩ መዝገቡና ከድርጅቱ ጋር የሠራ ሰው ነው። ሳናውቅ ቀርተን አናውቅም ማለትም አያሳፍርም።

አንተስ ወዳጄ፣ አንቺስ እህቴ፣ «ሰው ሁሉ ይለዋል» ብላችሁ ያመናችሁትን ነገር ወደ ኋላ እየተከተላችሁ ብትሄዱ፣ መጨረሻው ላይ ተቀምጦ የምታገኙት ሰው ማን ይሆን? ራሳችሁ ላለመሆናችሁ እርግጠኞች ናችሁ?