የእታፈራሁ ኮት እጀታ

«ደንበኛ ንጉሥ ነው ብላችሁ ግድግዳው ላይ የጻፋችሁት እናንተ አይደላችሁም?» አለች እታፈራሁ፣ ጣቷን ወደ ጽሑፉ ቀስራ።

«እኛ ነን» አለች ውባለም። ውባለም በልብስ ስፌት ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ ደንበኛ የምትለካና ትእዛዝ የምትቀበል ናት።

«ታዲያ ንጉሡ በሸሚዝ ይሂድ?»

ጭቅጭቁ ከተጀመረ ሩብ ሰዓት ሆኖታል። የእታፈራሁ ፍላጎት ግን ትንሽ ነው፤ ኮቷን ብቻ ነው የምትፈልገው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆና ተቀጥራለች፤ ዛሬ የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ መንገዱ ማዶ ካለው ዴፖ አውቶቡሷን ይዛ መውጣት አለባት። ሰማያዊውን የሥራ ኮት ያልለበሰ ደግሞ መሪ አይጨብጥም፤ ቦታው ለሚቀጥለው ተጠባባቂ ይሰጣል። እሷ ራሷ ሁለት ዓመት ተጠባባቂ ነበረች። ኮቱን ካዘዘች አሥራ አምስት ቀን አልፏል። አሁን ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ነው።

«የምነግራችሁ ብዙ ቃል አለኝ» አለች፣ እስከ ጓዳ በሚሰማ ድምፅ። «ኮቴን ስለብስ አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። አሁን ኮቴን።»

«ካውያ አልነካውም እኮ እህቴ። ያልተተኮሰ ልብስ አላስረክብም። ጋሽ ደምሴን ጠይቂያቸው።»

ካውያው ኮት አይተኩስም፤ እታፈራሁም ኮት አትለብስም።

እታፈራሁ ወደ ውስጥ ገባች። ጋሽ ደምሴ በእንፋሎት ተከበው የሰው ሱሪ እየተኮሱ ነበር።

«ጋሼ፣ ኮቴን ይተኩሱልኝ።»

«ቁልፍ የሌለው ኮት አልተኩስም ልጄ። እኔ ተኩሼ ስሰጥ ቁልፍ እንተክላለን ብለው መልሰው ይጨማድዱታል፤ ስድቡ ግን ለእኔ ነው። አስካለን ጠይቂያት።»

መርፌው ቁልፍ አይተክልም፤ ካውያው ኮት አይተኩስም፤ እታፈራሁም ኮት አትለብስም።

ሮጠች። እትዬ አስካለ መስኮቱ ሥር የቁልፍ ቆርቆሮ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ቁልፉን ይትከሉልኝ።»

«ቁልፉማ ይኸው። ሦስት የደረት፣ አራት የእጀታ። እጀታው የታለ? አየር ላይ ልትከለው?»

«እጀታው የት ሄደ ብለው አልጠየቁም?»

«እኔ የመጣልኝን እተክላለሁ እንጂ ያልመጣውን ፍለጋ አልዞርም። በይ አንዳርጌን ጠይቂው፤ ሰፊው እሱ ነው።»

የስፌት መኪናው እጀታ አይሰፋም፤ መርፌው ቁልፍ አይተክልም፤ ካውያው ኮት አይተኩስም፤ እታፈራሁም ኮት አትለብስም።

አሁንም ሮጠች። አንዳርጌ የስፌት መኪናው ላይ አጎንብሶ ያፏጫል። ኮቷ ከጎኑ ተሰቅሏል፤ ገላው ሙሉ ነው፣ ክንድ ግን የለውም።

«አንዳርጌ፣ እጀታዬን ስፋልኝ።»

«አልመጣልኝማ። ቢመጣስ ግራና ቀኙ መች ይለያል? ባለፈው የአንድ ጥበቃ ኮት እጀታ ሳይታወቀኝ አዟዙሬ ሰፋሁት። ሰውየው ሰላምታ ሊሰጥ እጁን ሲያነሳ ኮቱ ወደ ኋላ ጎተተው። አንድ ቀን ሙሉ ስተረትር ዋልኩ።»

«ለሚቆርጡት ሰውዬ ምልክት አድርጉልኝ አትላቸውም?»

«ለጋሽ ወንድይራድ? እሳቸው በመቀስ ነው የሚመልሱት። ድፍረቱ ካለሽ አንቺው ንገሪያቸው።»

መቀሱ እጀታ አይቆርጥም፤ የስፌት መኪናው እጀታ አይሰፋም፤ መርፌው ቁልፍ አይተክልም፤ ካውያው ኮት አይተኩስም፤ እታፈራሁም ኮት አትለብስም።

አራት ሰዓት ሊሆን ነው። ጋሽ ወንድይራድ ከረጅሙ ጠረጴዛ ኋላ ቆመው ከመነጽራቸው በላይ አዩአት። ሰማያዊው ጨርቅ ፊታቸው ተዘርግቷል። መቀሱም አለ፣ ጠመኔውም አለ።

«ጋሼ፣ ምን ጎደለ?»

«ቁጥር» አሉና አንዲት ወረቀት ሰጧት። ‹እጀታው ረዘም ይበል› ይላል። «ረዘም ያለ ስንት ነው? የእኔ ረዘም ያለ አለ፣ የቀጭኔ ረዘም ያለ አለ። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ መልሶ አይበቅልም።»

«እና አሥራ አምስት ቀን ወረቀቱን ይዘው ተቀመጡ?»

«ደንበኛ የሚያነጋግሩት በር ላይ ያሉት ናቸው። እኔ ጓዳ ነው የምውለው፤ ደንበኛ የለኝም።»

«የቆረጡትን ማን ይቀበልዎታል?»

«አንዳርጌ ነዋ።»

«እንግዲህ የእርስዎ ደንበኛ እሱ ነው። ግራና ቀኙ ጠፍቶት ሲተረትር ይውላል።»

ጋሽ ወንድይራድ መቀሱን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። መቀሱን አንስተው መልሰው አስቀመጡት።

እታፈራሁ ወረቀቷን ይዛ በመጣችበት ተመለሰች። በአንዳርጌ በኩል፣ በእትዬ አስካለ በኩል፣ በጋሽ ደምሴ እንፋሎት መሃል እየሮጠች ሁሉንም ለራሷ ቆጠረችው።

ወረቀቱ ቁጥር አይናገርም፤ መቀሱ እጀታ አይቆርጥም፤ የስፌት መኪናው እጀታ አይሰፋም፤ መርፌው ቁልፍ አይተክልም፤ ካውያው ኮት አይተኩስም፤ እታፈራሁም ኮት አትለብስም።

ወረቀቷን ውባለም ፊት አስቀመጠች። «ይህ የማን ጽሕፈት ነው?»

ውባለም ጽሕፈቱን አየችና ፊቷ ቀላ። «የእኔ ነው። ግን ቃሉ የአንቺ ነው። እጅሽን አውርደሽ ቆመሽ ስለካሽ ስልሳ ሆነ፤ አንቺ ግን ረዘም ይበልልኝ አልሽ። ያልሽውን እንዳለ ጻፍኩ።»

«ስንት ይሁን አትይኝም? ለምን አትይኝም?»

«ደንበኛን በጥያቄ ማድከም ነውር መሰለኝ።»

እታፈራሁ ልትቆጣ ብላ ተወችው። እውነት ነው፤ እሷም ለምን እንደሆነ አልተናገረችም ነበር። በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ በባዶው አየር ላይ ትልቅ መሪ ጨበጠች።

«እኔ ቆሜ አይደለም የምሠራው። እንዲህ ነው። እንዲህ ስሆን እጀታው ወደ ክርኔ ይሸሻል። አሁን ለኪኝ።»

ውባለም ሜትሩን ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ዘረጋችው። ስልሳ አራት።

ውባለም ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ጻፈች፤ አሁን ግን በሰው አልላከችውም። ራሷ ይዛ ጓዳ ድረስ ሮጠች። «ጋሽ ወንድይራድ፣ ስልሳ አራት። ሌላ ምን ልጻፍልዎ?»

«ፊደልሽን ከፍ አድርጊው፤ ዓይኔ ደክሟል» አሉ። ሰው እንዲህ ብሎ ከጠየቃቸው ዓመታት አልፈዋል። መቀሱ ጮኸ። ከዚያ ጠመኔውን አንስተው «አንዳርጌ፣ ቀኙ ላይ ምን ምልክት ላድርግልህ?» አሉ።

አንዳርጌ ሌላ አንዳርጌ ካለ ብሎ ዞር ዞር አለ። «ቀ በሉበት ይበቃኛል፣ ጋሼ።»

አንዳርጌ ሲጨርስ ኮቱን ወንበር ላይ አልወረወረውም፤ የክሩን ትርፍ ቆርጦ በእትዬ አስካለ እጅ አኖረው። እትዬ አስካለም ሰባቱን ቁልፍ ሲተክሉ ጨርቁን እንደ ሕፃን ደግፈው ያዙት፤ ለደምሴ እንዳይጨማደድበት። ጋሽ ደምሴም ካውያቸውን አግለው ቆመው ጠበቁ።

ወረቀቱ ቁጥር ተናገረ፤ መቀሱ እጀታ ቆረጠ፤ የስፌት መኪናው እጀታ ሰፋ፤ መርፌው ቁልፍ ተከለ፤ ካውያው ኮት ተኮሰ፤ እታፈራሁም ኮቷን ለበሰች።

ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ጉዳይ ነው። አምስቱም በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ ያለችው ቃል አልተረሳቸውም። አንዳርጌ ከእትዬ አስካለ ኋላ ተከለለ።

«በይ ልጄ» አሉ ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ከእኔ ጀምሪ።»

እታፈራሁ ሁለት እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች። የማይታየውን መሪ ወደ ቀኝ አዞረች፤ ወደ ግራ አዞረች። እጀታው ከአንጓዋ ንቅንቅ አላለም። አምስቱን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ውባለም ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች። ከዚያ የመጨረሻውን ቁልፍ ቆለፈችና አንድም ቃል ሳትናገር መንገዱን ተሻግራ ወደ ዴፖው ሄደች።