የይመኙሻል ጉም

ይህን ነገር ይመኙሻል በሕይወቷ ለሰው ተናግራ አታውቅም። ለበቅሎዋ ግን ነግራታለች። በአጥር ማዶ የሰማች ጎረቤት ነበረች፤ ይመኙሻል እስክትሞት አፏን ያዘች። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት! እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ፣ ጉም ከሰው ጋር እየተጋፋ በሚኖርበት ዘመን፣ በተራራ አናት ላይ ጉምዋሻ የምትባል ትንሽ አገር ነበረች። ሰዎቿ ገብስ ያበቅላሉ፤ ቤታቸውን በጓሳ ሣር ይከድናሉ፤ በትንሽ በትልቁ ቱግ ይላሉ። ይመኙሻል ብቻ ዓይነ አፋር ነበረች። ቄሱ አጎቷ ዳዊት አስደግመዋታል፤ ሰው ፊት ስትቆም ግን እንኳን ዳዊቱ ስሟም ይጠፋታል። ሰው እያያት እህል አትቀምስም።

አንድ ቀን የቆላው ባላባት ባላምባራስ ጎሹ «የጓሳው ሜዳ የእኔ ነው» አሉ። ሜዳው ከሄደ ጣራ የለም፤ ክረምቱ ከነልጆቻቸው ሊያበሰብሳቸው ነው። ነገሩ ዳኛ ዘንድ ደረሰ። የዳኛው ሕግ አንድ ነበር፦ ቱግ ያለ ይወጣል፤ ተናጋሪ ያለቀበት ወገን ተሸነፈ።

ጎሹ በምላሳቸው ተማምነው ብቻቸውን መጡ። ከጉምዋሻ አባ ቢተው ተነሱ፤ ገና «አንተ ሽማግሌ» ሲባሉ በትር አነሡ፤ ወጡ። ወንድማቸው ተነሣ፤ ሳይሰደብ ተቆጣ፤ ወጣ። እንዲህ እያለ አገሩ በሙሉ ወጣ።

ይመኙሻል ለሙግተኞቹ በሶ ይዛ መጥታ፣ ከጅባራው ተክል ጀርባ ተቀምጣለች። ርቧታል። ማንም አያየኝም ብላ አንድ እፍኝ ደረቅ በሶ እንደ ቃመች፣ «ዳዊት የደገመችው አለችልን!» ብለው ጎትተው ዳኛው ፊት አቆሟት። መዋጥ አልቻለችም፤ በሶው ደረቅ ነው። መትፋት አልቻለችም፤ ሰው ያያታል።

ጎሹ ሰደቧት። «አንቺ የገደል ጭላዳ!» አሏት። ዝም አለች። ዳኛው «አቤት ትዕግሥት!» አሉ።

ጎሹ አቆላመጧት። «የእኔ ሸጋ፣ ሜዳውን ልቀቂና ለወንድሜ ላጭሽ» አሏት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ዳኛው «አቤት ጭምትነት!» አሉ።

ጎሹ ተጠጓት። አፍንጫ ለአፍንጫ እስኪነካኩ ተጠግተው «ምላስ የለሽም?» አሏት። ያን ጊዜ በሶው ጉሮሮዋን ኮረኮረው። ትን አላት። ቡፍ! ነጭ ጉም ከአፏ ወጥቶ የባላምባራሱን ቅንድብ፣ ጢምና ካባ አለበሰው።

«ምን አባሽ!» ብለው ዱላ አነሡ።

«ቱግ ብለዋል፤ ይውጡ!» አሉ ዳኛው።

ሜዳው ለጉምዋሻ ተፈረደ። አገሬው «የተራራችን ጉም ከአፏ ወጣ!» እያለ ጨፈረ። «ኧረ በሶ ነው» ልትል ነበር፤ አፈረች።

ጎረቤቷ ምስጢሩን ካወጣች ወዲህ፣ በዚያ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ በየአፋቸው እፍኝ በሶ ያስቅማቸዋል። «በሶህን ሳትውጥ አትመልስ» ይባላል። ውጦ የሚቆጣ እስካሁን አልተገኘም፤ ሁሉም ውሃ ፍለጋ ይሮጣል።

ይመኙሻልስ? በፍርዱ ማግሥት ጠዋት በሯን ስትከፍት አገሩ ሁሉ ደጇ ቆሟል። እስከ ትናንት «አንቺ ልጅ» የሚሏት አባ ቢተው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እሜቴ፣ ልጆቻችን አላዩም። ያን ጉም እባክሽ አንድ ጊዜ ብቻ!»

ፊቷ ፍም መሰለ። እምቢ ማለት አፈረች። «ትንሽ ታገሡኝ» ብላ ጓዳ ገባች። ከአቁማዳው አንድ እፍኝ ዘግና ቃመችና፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።