ኋላውን ያሳመረው ሞተር

ተረት ደጅ ላይ ቆማለች፤ ትግባ በሏት። እንግዲህ ገባች።

ድሮ፣ ብረት ለጌታው በሚናገርበት፣ ዶሮም ለጎረቤቱ ምክር በሚሰጥበት ዘመን፣ ዳማ የሚባል ሞተር ሳይክል ነበር። «በድሮ ዘመን ሞተር ከየት መጣ?» ልትሉኝ ነው። ዝም ብላችሁ ስሙ፤ የእኔ ድሮ ሞተር አለው።

የዳማ ጌታ ይርዳው ይባላል። ይርዳው በየቅዳሜው እናቱን ወይዘሮ ደብሬን ከኋላው ያስቀምጥና ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ታላቅ እህታቸው ቤት ያደርሳቸዋል። እህትዮዋ ወይዘሮ ማንአህሎሽ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከአልጋም አይነሡም። የሞተሩን ድምፅ ግን ከሩቅ ይለዩታል። «ዳማ መጣ፣ እህቴ መጣች» ይላሉ። ከዚያ ሁለቱ አሮጊቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይውላሉ። ከቅዳሜ ሌላ ደስታ አልነበራቸውም።

ማታ ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ደብሬ ቀስ ብለው ይወርዱና ወንበሩን መታ መታ አድርገው፣ «ኋላህን ያሳምረው» ብለው ይመርቃሉ። የሚመርቁት ልጃቸውን ነበር። ዳማ ግን «መታ መታ የሚደረገው የእኔ ወንበር ነው፤ ስለዚህ የሚሉትም እኔን ነው» አለ። እናም የግቢውን አውራ ዶሮ ጠየቀው።

«አውራ ዶሮ፣ ኋላ ምንድን ነው?»

አውራ ዶሮ ዞር ብሎ ጅራቱን ቀና አደረገ። «ኋላ ማለት ይሄ ነው። ያንተ ግን መሬት ሊጠርግ ምንም አልቀረው። ሴትዮዋ አፍረውልህ እኮ ነው በየሳምንቱ የሚጸልዩልህ።»

የግቢው አህያ ጥግ ላይ ገለባ ታኝክ ነበር። ቀና ብላ አየቻቸው። ማንም ስላልጠየቃት ማኘኳን ቀጠለች።

ዳማ አንጀት ባይኖረውም አንጀቱ ቆሰለ። «ኋላዬን አሳምርልኝ» ብሎ ይርዳውን ነዘነዘው። ይርዳውም ወጣት ነው፤ የሰፈሩን ሞተሮች ቀና ያለ ጅራት እያየ ሲቀና ከርሟል። ወደ መካኒኩ ወደ ጋሻነው ወሰደው።

«ለዓይን ነው ለመንገድ?» አለ ጋሻነው።

«ለዓይን» አለ ዳማ።

ረጅሙ የኋላ ፓራፋንጎ፣ የጭቃ መከላከያው፣ ሊቆረጥ ሆነ። ከመጋዙ ሥር ሆኖ፣ «ወንድሜ፣ አስቀያሚ ነኝ፣ እውነት ነው። ግን ጭቃ ሲነሣ በሴትዮዋ ጀርባ በኩል የምቆመው እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ራስህ ጭቃ ነህ» አለው ዳማ። ፓራፋንጎው ተቆረጠ።

ቅዳሜ ዘነበ። የወይዘሮ ደብሬ ነጠላ ከኋላ በጭቃ ተለሰነ። ገልብጠው ለበሱት። ማታ ሲወርዱ መታ መታ፣ «ኋላህን ያሳምረው»።

«አሁንም አላማረም ማለት ነው» አለ ዳማ። ወደ ጋሻነው ተመልሰው ሄዱ።

«ለዓይን ነው ለመንገድ?»

«ለዓይን።»

ከወንበሩ ኋላ ያለው የመያዣ ብረት ብሎኑ ሲፈታ፣ «የሴትዮዋን መዳፍ አውቀዋለሁ። ቁልቁለቱ ላይ እንዴት እንደሚጨብጠኝ አውቃለሁ። እኔ ስሄድ ምን ይይዛሉ?» አለ።

«ልጃቸውን ይያዙ» አለው ዳማ።

ያዙ። በጎን ተቀምጠው የይርዳውን ጃኬት ጨምድደው ሄዱ፣ ጨምድደው ተመለሱ። ሲወርዱ ጣቶቻቸው አልዘረጋ ብለዋቸው ነበር። ቢሆንም መታ መታ፣ «ኋላህን ያሳምረው»።

ሦስተኛ ጊዜ ሄዱ። ዳማ ወንበሩን የሚሸከመው የኋላ ሞላ ወጥቶ ረጅም እንዲገባለት፣ ጅራቱም ከአውራ ዶሮው ጅራት እንዲበልጥ ፈለገ። ጋሻነው ይህን ጊዜ ይርዳውን አየት አደረገው።

«ለዓይን ነው ለመንገድ?»

ይርዳው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ዳማ ቀደመው። «ለዓይን።»

አሮጌው ሞላ አልተቆጣም። «ኋላህ ከፍ ሲል ክብደቱ ፊትህ ላይ ይወድቃል፤ መሪህ ይቀብጣል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማህ መሬቱን ይለቃል። እኔና ያ መንገድ ብዙ ዘመን ተዋውቀናል። እባክህ ቀስ በል» አለው። ዳማ አልሰማም፤ በመስኮቱ መስታወት ራሱን እያየ ነበር።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አምሮ ነበር። አውራ ዶሮው እንኳ ሲያየው ቅናት ያዘውና ያን ቀን ሳይጮኽ ዋለ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ደብሬ ተደግፈው ወጡ። ወንበሩ ወደ ፊት ያንሸራትታቸዋል። ከወንዙ በላይ ያለው መታጠፊያ ላይ አንዲት ፍየል መንገዱ ውስጥ ገባች። ይርዳው ፍሬን ያዘ። መሪው ቀበጠ፤ የኋላው ጎማ መሬቱን ለቀቀ። ወይዘሮ ደብሬ እንደ ድሮው እጃቸውን ወደ ኋላ ላኩ። መያዣው የለም።

ዳሌያቸው ተሰበረ። መሬት ላይ ተኝተው፣ «እህቴ እየጠበቀችኝ ነው» አሉ።

ዳማም ተጣሞ ስለነበር ብዙ ጊዜ ጋሻነው ዘንድ ቆየ።

«ለዓይን ነው ለመንገድ?»

«ለመንገድ» አለ ዳማ ቀስ ብሎ።

አሮጌው ሞላ ተመለሰ። መያዣውም ብሎኑ ታሰረለት። ፓራፋንጎው ግን ግቢው ውስጥ ወድቆ የዶሮዎች ውሃ መጠጫ ሆኗል። ዳማ «ና፣ ተመለስ» ቢለው፣ «ብመለስ ደስ ባለኝ፤ ግን ተቆርጫለሁ» አለው።

በዚያ መሐል ወንዙ ሞልቶ ሰው አያሻግርም ነበር። በጎደለ ማግስት ይርዳው የእናቱን ሰላምታ ይዞ በዳማ ብቻውን ተሻገረ። ሲደርስ አክስቱ ደጅ ድንኳን ቆሟል።

ጎረቤታቸው ወጥታ አቀፈችው። «ሞተር ባለፈ ቁጥር ‹ዳማ ነው?› ይሉን ነበር። ‹አይደለም› እንላቸዋለን። ትናንት ጠዋት አንዱ ሲያልፍ ሰምተው ‹ዳማ መጣ› አሉ። አይደለም ለማለት አንጀታችን አልቻለም። እጃቸውን ዘረጉ። እንደ ዘረጉ አረፉ።»

ዳማ ይህን ድንኳኑ ጥግ ቆሞ ሰማ።

ይርዳው ቤት ገብቶ ለእናቱ ነገራቸው። ዳማ ከደጅ ሆኖ ለቅሷቸውን ሰማ። ለቅሶው ሲወጣላቸው «ልጄ፣ እኔ አላዘንኩብህም። ኋላህን ያሳምረው» አሉ።

ሴትዮዋ አልጋ ላይ ናቸው። ወንበሩን መታ መታ ያደረገ ማንም የለም። ዳማ ገባው፤ ግን ማረጋገጥ ፈለገ።

«እሜቴ አህያ፣ ኋላ ምንድን ነው?»

«ገና ያልመጣው ቀን ነው» አለች አህያይቱ። «ልጃቸው ነገ እንዳያለቅስ ነበር የሚጸልዩት።»

«ምነው ያኔ ሳትነግሪኝ?»

«ያኔ የጠየቅኸው አውራ ዶሮውን ነው።»

ዳማ ዛሬ ቁልቁለቱን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ መሪውም አይቀብጥም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከኋላው የሚቀመጥ የለም። ልጆቼ፣ ነገሬ ይኸው ነው፤ ለማማር ስትነሡ መጀመሪያ ከኋላችሁ ማን እንደ ተቀመጠ እዩ።

ተረት ተነሣች፣ ወጣች። ኋላችሁን ያሳምረው።